ሬስቶራንት የሚጥለው ዛጎል ለምን ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ቀምሳችሁት የማታውቁትን ፍጥረት ታሪክ ይዘን መጥተናል። ስሙ ኦይስተር ይባላል። ሁለት ሻካራ ዛጎል፣ መሃሉ ላይ ለስላሳ ሥጋ። ፈረንጆቹ ሎሚ ጨምቀውበት በጥሬው ዋጥ ያደርጉታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለሚከለክል እኛ ቤት በአብዛኛው አይገባም። አይግባ፣ ችግር የለም። ግን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ባትበሉትም ከዚህ ፍጥረት ጋር ጉዳይ አላችሁ።

እንዴት አትሉም? ዲሲ ውስጥ ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አጎራባች ሰፈሮች የሚመጣውም ጭምር፣ ብሉ ፕሌይንስ ወደሚባል ማጣሪያ ይሄዳል። በቀን በአማካይ 300 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ነው። እዚያ ተጣርቶ ፖቶማክ ወንዝ ይገባል፣ ፖቶማክ ደግሞ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያርፋል። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የወንዝ ጣፋጭ ውኃና የውቅያኖስ ጨው የሚቀላቀሉበት ሰፊ ውኃ ነው። ጣቢያው ዘመናዊ ቢሆንም ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገባው ውኃ ግን የሱ ብቻ አይደለም። ከእርሻው ማዳበሪያና የዶሮ ኩስ፣ ከከተማው የጎርፍ ውኃ፣ ሁሉም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተሸክሞ ይወርዳል። አልጌ ይሄን በልቶ ይፋፋል፣ ይሞታል፣ ታች ወርዶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በጋ ላይ ዓሣ መተንፈስ የማይችልበት ቦታ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦይስተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምግቡ አልጌ ነው። ውኃውን ወደ ውስጥ ስቦ በጉንጉኑ ያጣራና የሚበላውን ይበላል፣ የማይፈልገውን ጠቅልሎ ወደ ታች ይጥላል። የተጣለውን ባክቴሪያዎች ይረከቡታል፣ ከፊሉን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ቀይረው አየር ላይ ይለቁታል። "አንድ ኦይስተር በቀን 50 ጋሎን ያጣራል" የሚል ነገር በየቦታው ታያላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ይሄ ሁሉ ነገር ሲመቻችለት፣ ትልቅ ሆኖ ውኃውም ሞቅ ሲል የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በአዘቦቱ ቀን ከዚያ በጣም ያንሳል። ቁጥሩን የሚለጥፉት ሰዎች ይሄን ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር።

ሮጀር ኒውዌል የተባለ የሜሪላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ስሌት አወጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ መልቀሙ ከመክፋቱ በፊት የነበሩት ኦይስተሮች የባሕረ ሰላጤውን ውኃ በሙሉ ለማጣራት ሦስት ቀን ከምናምን ይበቃቸው ነበር። እሱ ስሌቱን በሠራበት ጊዜ የቀሩት ግን 325 ቀን ይፈጅባቸዋል። ሦስት ቀን የነበረው ሥራ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

የት ገቡ ታዲያ? ተበሉ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ባቡሩና የባልቲሞር ቆርቆሮ ፋብሪካዎች ኦይስተርን መላ አሜሪካ አደረሱት። ድሬጅ የሚባል፣ በመርከብ እየተጎተተ የባሕሩን ወለል የሚቧጥጥ ጥርሳም ብረት መጣ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሜሪላንድ ብቻዋን በዓመት ወደ 15 ሚሊዮን ቡሽል ታወጣ ነበር (ቡሽል እንደኛ ቁና በይዘት የሚሰፈር ነው)። በለቃሚዎች መካከል መሣሪያ እስከመማዘዝ ተደርሶ፣ ሜሪላንድ በ1868 የኦይስተር ፖሊስ የጦር ጀልባ አስታጥቃ አቋቁማለች። እ.ኤ.አ. በ2003/04 ወቅት ግን የሜሪላንድ ምርት 26 ሺህ ቡሽል አካባቢ ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ በሰሜኑ የባሕረ ሰላጤ ክፍል የቀረው ኦይስተር በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው 0.3 በመቶ ብቻ ነው ብሏል። ከሺህ ሦስት።

እዚህ ላይ "እሺ፣ ለቀማው ይቁምና ይራቡ" ማለት ይመጣል። እኛም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብነው። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አይደለም፣ ምክንያቱም አብሮ የተወሰደ ሌላ ነገር አለ።

ኦይስተር ሲወለድ ይዋኛል። እናትየዋ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ውኃው ውስጥ ትለቃለች፣ ወንዱም ዘሩን ይለቃል፣ የሚገናኙት ከሰውነታቸው ውጪ ነው። (ይሄን በአሜሪካው ኦይስተር ላይ በ1879 ገደማ ያሳየው የጆንስ ሆፕኪንሱ ዊሊያም ኪት ብሩክስ ነው። ለቀማው ገደብ ካልተደረገለት ሀብቱ እንደሚያልቅ ያኔውኑ አስጠንቅቆ ነበር፣ የሰማው አልነበረም።) ይገርማችኋል፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ ወንድ ይሆኑና ሲያድጉ ሴት ይሆናሉ። ስለዚህ ትልልቁን ለቅሞ ትንንሹን መተው ማለት እናቶቹን እየመረጡ መልቀም ማለት ነው።

እጩ ሁለት ሦስት ሳምንት ከዋኘ በኋላ እግር የመሰለ ነገርና ብርሃን የምትለይ ነጥብ ያወጣል፣ ታች ወርዶም ቦታ መፈለግ ይጀምራል። የሚፈልገው ጠንካራ ነገር ነው፣ ከሁሉም አብልጦ ደግሞ የሌላ ኦይስተር ዛጎል። ካገኘ ራሱን በሲሚንቶ እንደተለጠፈ ያጣብቃል፣ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ንቅንቅ የለም። ካላገኘ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። በቃ። የቀድሞዎቹ ዛጎል እየተደራረበ የልጆቹ መሬት ይሆን ነበር። ሰው ግን ኦይስተሩን ከነዛጎሉ አወጣው። ዛጎሉ ለመንገድ መደልደያ ዋለ፣ ኖራ ሆኖ ተቃጠለ፣ ተፈጭቶ ለዶሮ ተሰጠ። የቀረውን ደለል አለበሰው። ልጆቹ ዛሬም ይወለዳሉ፣ ብዙዎቹ የሚቀመጡበት ግን የለም።

ይሄ እንዳይበቃ በሽታ መጣ። ዴርሞ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በ1949 ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተገኘ፣ በ1959 ደግሞ ኤምኤስኤክስ ተከተለ። ሁለቱም ሰው አይጎዱም፣ ኦይስተሩን ግን ለገበያ ከመድረሱ በፊት ይጨርሱታል። የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ኤምኤስኤክስ የመጣው ከእስያ ነው፣ እዚያ የፓስፊክ ኦይስተር ላይ ይኖራል።

አሁን የሚቀጥለውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ "በሽታውን የሚቋቋም የእስያ ኦይስተር አምጥተን ባሕረ ሰላጤው ውስጥ እንልቀቅ" የሚል ሐሳብ በሁለቱ ክፍላተ ሀገር መንግሥታት ደረጃ ቀርቦ ለዓመታት ተጠና። በሽታው ራሱ ከእስያ መምጣቱ እየታወቀ! የሐሳቡ ደጋፊዎች ግን ሞኞች አልነበሩም። የዋተርማኖቹ፣ ማለትም በውኃው ላይ የሚያድሩት ለቃሚዎች፣ ኑሮ ዓይናቸው እያየ እየጠፋ ነበር። በመጨረሻ በ2009 ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና የፌዴራሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር የአገሩን ኦይስተር ብቻ እናስፋ ብለው ወሰኑ። አንዴ የተለቀቀ ባዕድ ፍጥረት ደግሞ አይለቀምምና እኛም የተወሰነው ልክ ነው እንላለን።

የአገሩን ማስፋት ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው እርባታ ነው። ኦይስተር በጋ ላይ ሲራባ ሥጋው ይሟሟል፣ ውኃ ውኃ ይላል፣ ገበያ ላይ አይፈለግም። መፍትሔውን የጀመሩት እነ ስታንዲሽ አለን ናቸው፣ በሜይን ዩኒቨርሲቲ በ1980 አካባቢ። ጤነኛ ኦይስተር ሁለት ጥንድ፣ ይቅርታ፣ ሁለት ስብስብ ክሮሞሶም አለው፣ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። ሦስት ስብስብ ካለው ግን ዘሩን እኩል መካፈል ስለማይችል መራባቱ ይቀራል፣ ጉልበቱን ለእድገት ያውለዋል። ከገበያ የምትገዙት ሙዝ ፍሬ የሌለው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሦስት ስብስብ ነው። (ባዮሎጂስት አይደለንም፣ ይሄን ሁለቴ አንብበን ነው የገባን።) በኋላ አለንና ሺሚንግ ጉዎ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ አራት ስብስብ ኦይስተር አወጡ። እሱን ከተራው ጋር ሲያዳቅሉት ልጁ ባለ ሦስት ሆኖ ይወጣል። የውጭ ዘር አልገባበትም። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በቅርጫትና በከረጢት የሚረባው አብዛኛው ይሄ ነው። እንከን የለውም ማለት አይደለም፣ ፀደይ መጨረሻ ላይ ምክንያቱ በውል ያልተለየ እልቂት አርቢዎቹን ሲያስጨንቅ ቆይቷል።

ሁለተኛው ባሕሩን ራሱን መጠገን ነው። ሜሪላንድ በ2010 ለቀማ የተከለከለበትን ቦታ ከ9 በመቶ ወደ 24 በመቶ አሳደገች። በ2014 ደግሞ አሥር ገባር ወንዞችን እስከ 2025 ለማደስ ስምምነት ተፈረመ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሃሪስ ክሪክ ላይ ነበር፣ 140 ሄክታር ገደማ ወለል፣ ከ2 ቢሊዮን በላይ ጨቅላ ኦይስተር። በኋላ በተደረገው ክትትል አብዛኞቹ የተተከሉ ቦታዎች ቢያንስ ዝቅተኛውን መስፈርት አልፈዋል።

ዋተርማኖቹ ግን አልተደሰቱም። አያቶቻቸው የለቀሙበት ቦታ ተዘጋባቸው። "ያልተነካ ወለል ደለል ይቀብረዋል፣ እኛ ስንገለብጠው ነው ዛጎሉ የሚጸዳው" ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ከፍ ብሎ የተከመረ ዛጎል ራሱን ከደለል ያድናል፣ የሚያፈርሰው ድሬጁ ነው ይላሉ። በመረጃ በኩል ወደ ተመራማሪዎቹ እናደላለን። ቢሆንም የጥገናው ዋጋ በጥቂት መንደሮች ላይ መውደቁን ማንም ሊክደው አይችልም። ዲሲ ተቀምጦ ፍሳሹን የሚልከው ሕዝብ በለቀማው ክልከላ ያጣው ገቢ የለም።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ ዛጎል ያስፈልጋል፣ ዛጎል ደግሞ የለም። ስለዚህ ከ2010 ጀምሮ ኦይስተር ሪከቨሪ ፓርትነርሺፕ የሚባል ድርጅት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ሬስቶራንቶች የተበላበትን ዛጎል በመኪና ይሰበስባል። ዛጎሉ ቢያንስ ዓመት ያህል ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ይመታዋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ኬምብሪጅ ሜሪላንድ ባለው የሆርን ፖይንት ቤተ ሙከራ እጭ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ዛጎል ላይ እስከ አሥር ጨቅላ ሊጣበቅ ይችላል። ከነልጆቹ ተጭኖ ባሕረ ሰላጤው ላይ ይፈሳል።

ዲሲ ውስጥ ሬስቶራንት ኩሽና የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ዛጎሉ ለብቻው የሚጠራቀምበት ባልዲ ካለ ናፕኪንና ሎሚ አትጨምሩበት፣ ለቃቅሞ መለየት ለሰብሳቢዎቹ ትልቅ ሥራ ነው። ከሌለ ደግሞ ማናጀሩን ጠይቁት።