የሸማኔው ስም የት ገባ?

በመንዝ ደጋ አንድ ባና ብርድ ልብስ ሆኖ ሰው ትከሻ ላይ እስኪያርፍ በብዙ እጅ ያልፋል። በጉ ይሸለታል፤ ጠጉሩ ታጥቦ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያ ድርና ማግ ሆኖ ሸማኔው ዘንድ ይደርሳል። ጥቁሩም ቡናማውም ነጩም ከበጉ ጀርባ የመጣ ቀለም ነው። በሰሜን ሸዋ ተባብሮ መፍጠር የቆየ ነገር ነው። የጎደለው የፈጣሪዎቹ ስም ነው።

ሠዓሊ ወይም ዲዛይነር ንድፍ ይዞ ሸማኔ ዘንድ ሲሄድ ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። ንድፍ አውጪው ወረቀት ላይ ክብ ይስላል። ድርና ማግ ግን ቀጥ ብለው የሚተላለፉ ክሮች ናቸውና ክቡ ጨርቅ ላይ የሚወጣው ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ነው። የት እንደሚሰበር፣ ስንት ድር እንደሚነሣ የሚቆጥረው ሸማኔው ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ስለሆነ በቀጭን ብዕር የተሰመረች መስመር ባና ላይ ትጠፋለች፤ ወይ ትወፍራለች፣ ወይ ትቀራለች። የጨርቁም ወርድ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚደርስበት ልክ የተወሰነ ነው። ሰፊ ሥራ ሲታዘዝ ጨርቆቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፤ ስፌቱ በምስሉ ፊት ላይ እንዳያልፍ ገና ድሩ ሳይዘረጋ ይታሰብበታል። ይህን ሁሉ የሚወስንን ሰው «እጅ» ብቻ አድርጎ መቁጠር በደል ነው።

በደሉ ሥር የሰደደ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው ቅርሶች መካከል ምስል የተሸመነበት ታላቅ የሐር መጋረጃ ይገኛል፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የሸማኔዎቹ ስም ግን አልደረሰንም። ሸማኔና ቀጥቃጭ በሙያው ይሰደብ ስለነበር፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡን አዋጅ ከለከለው፤ ስም መንፈጉ ግን ቀጠለ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል ትተውልናል። ሐሳቡና ንድፉ የእሳቸው ነው፤ መስታወቱ ግን በፈረንሳይ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። የሎሬቱ ታላቅነት በዚህ አይቀንስም። ሥዕሉ ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አፈወርቅን ያውቃል፤ መስታወቱን የሠሩትን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሕጉ እንኳ ከልማዳችን ቀድሟል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጋራ ለተሠራ ሥራ አመንጪዎቹ የጋራ ባለቤቶች መሆናቸውን ይቀበላል። ሸማኔው ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በቁራጭ ነው። አዲስ ንድፍ ሲሞከር፣ ክሩ ሲበጠስ፣ የተሸመነው ሲፈታ የሚባክነው ቀን የእሱ ነው፤ ሙከራው ሲሳካ ምስጋናው ወደ ንድፍ አውጪው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ እንጂ ትብብር አይባልም።

ስለዚህ ከሸማኔ ጋር የምትሠሩ ሠዓሊዎችና ዲዛይነሮች፣ ለሙከራውም ቀን ክፈሉ፤ ድርሻችሁን ድሩ ከመዘርጋቱ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ሥራው ለእይታ ሲቀርብም የሸማኔውንና የፈታይዋን ስም ከእናንተ ስም ጎን፣ በእኩል ፊደል ጻፉ።