ከሰንሰለት ወደ ሰፊ ግቢ
የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ሥራና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

መግቢያ

ሆለታ በልማት ሠራተኞች ዘንድ የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ከዚችው ከተማ አቅራቢያ ግን ማሳ የማይታረስበት፣ ላም የማይታለብበት፣ ሲመሽ የአንበሳ ግሣት የሚሰማበት ሌላ ግቢ አለ። ስሙም እንስሳ ኮቴ ይባላል። ስፋቱ 77 ሄክታር ሲሆን፣ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተነጠቁ፣ የቆሰሉና እናት አልባ የሆኑ የዱር እንስሳት ይጠለሉበታል።

ይህ ጉዳይ ለልማት ሠራተኛው ምኑ ነው? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ወደዚህ ግቢ ከሚገቡት እንስሳት ብዙዎቹ ችግራቸው የጀመረው በግጦሽ መሬት፣ በበረት አጠገብ ወይም በገበያ መንገድ ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ደግሞ ከማንም ቀድሞ የሚገኘው አርቢው፣ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው ነው።

ማዕከሉና ዓላማው

ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ቦርን ፍሪ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ የሚሠራውም ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1984 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ነው። ለመመሥረቱ ምክንያት የሆነውም ከአንድ ዓመት በፊት በለንደን የእንስሳት ማሳያ ግቢ የሞተች ፖሊ ፖሊ የተባለች ዝሆን ናት። ከመሥራቾቹ ውስጥ ቨርጂኒያ ማኬና እና ባለቤቷ ቢል ትራቨርስ፣ ኤልሳ ስለተባለችው አንበሳ በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ የተጫወቱ ናቸው።

እንስሳ ኮቴ እንደ ተለመደው የአውሬ ማሳያ ግቢ አይደለም። ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛው ማዳን፣ ሁለተኛው ለዱር ሕይወት የበቁትን ወደ ተፈጥሮ መኖሪያቸው መመለስ፣ ሦስተኛው ሕዝብን ማስተማር ነው። መመለስ የማይችሉት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በሰፊ አጥር ውስጥ ይጦራሉ። አንበሶቹ እንዳይራቡም ይደረጋል። በአጥር ውስጥ የተወለደ ደቦል ወደ ዱር የመሄድ ተስፋ ስለሌለው፣ መራባቱ ለሌላ ችግረኛ የሚሆነውን ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውም።

የዶሎ ታሪክ

ከማዕከሉ ነዋሪዎች ይበልጥ የታወቀው ዶሎ የተባለው አንበሳ ነበር። ስሙን ያገኘው በደቡብ ምሥራቅ ድንበር ላይ ከምትገኘው የዶሎ ከተማ ነው። እዚያ ሳለ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይኖር ስለነበር፣ ሰንሰለቱ አንገቱን እየፋቀ ጋማውን አሳጥቶት ነበር። የማየት ችሎታውም ተጎድቶ ነበር። ወደ እንስሳ ኮቴ ከመጣ በኋላ ሰፊ ግቢ፣ ተገቢ ምግብና ሕክምና አገኘ። ቆይቶም ሳፊያ የተባለች አንበሳ ጎረቤትና ጓደኛ ሆነችው።

ዶሎ ወደ ዱር አልተመለሰም፣ ሊመለስም አይችልም ነበር። ማዳን ማለት ሁልጊዜ ነጻ መልቀቅ አለመሆኑን የሚያስረዳ ምሳሌ ነው። የተበላሸውን ሁሉ ማደስ አይቻልምና፣ ዋናው ሥራ ሰንሰለቱ ከመጠለቁ በፊት የሚሠራው ነው።

ግልገል ከእናቱ ሲነጠል

በምሥራቅ የአገራችን ክፍል የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከዱር ተሰብስበው በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ይሻገራሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመታያ የሚገዟቸው ሰዎች አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት በዓለም ላይ የቀሩት አቦ ሸማኔዎች 7,100 ያህል ብቻ እንደሆኑ ተገምቷል። ስለዚህ የአንዲት እናት ግልገሎች መጥፋት ቀላል ጉዳት አይደለም።

የአቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይኖራል። በዚህ ጊዜ አደን የሚማረው እናቱን እያየ ነው። ሰው ያሳደገው ግልገል ግን ሥጋ ከእጅ መቀበል እንጂ ሚዳቋ ማባረር አያውቅም። ከዚህም በላይ አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻ የተመገበ ግልገል ካልሲየም ስለሚያንሰው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ ይሰበራል። «በደንብ አበላነው» የሚለው ሰው ሳያውቅ ያሽመደምደዋል ማለት ነው።

ከስሜን ተራሮች የተገኘ ምሳሌ

የቆሰለ የዱር እንስሳ በጊዜ ከተደረሰለት ወደ ቦታው ሊመለስ እንደሚችል ከእንስሳ ኮቴ ውጭ የተገኘ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በ2012 ዓ.ም. (በ2020 እ.ኤ.አ.) በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እግሩን በጥይት የተመታ ቀይ ቀበሮ ተገኘ። ባለሙያዎች ይዘው፣ በዚያው በደጋው ላይ በተሠራ መጠለያ 51 ቀን አስታመሙት። ተረፈ የሚል ስምም ወጣለት። ካገገመ በኋላ መከታተያ ታስሮለት ተለቀቀ፤ ቆይቶም ከሴት ቀበሮ ጋር ተጣመረ። ቀይ ቀበሮ ተይዞ፣ ታክሞና ወደ ዱር ተመልሶ ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ የሚገኙትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ምግባቸው በአብዛኛው የደጋ አይጥና ፍልፈል በመሆኑ ለገበሬው ጠላት አይደሉም። ይበልጥ የሚያጠፋቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በሽታው ተነሥቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንግዲህ ውሻን ማስከተብ ሰውን፣ ከብትንና ቀበሮን በአንድ መርፌ መጠበቅ ነው።

የአርቢው ቅሬታ

በበረቱ ውስጥ ጥጃው ተበልቶ ያደረ ሰው ስለ አውሬ ጥበቃ ቢነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ለእርሱ አንድ ጥጃ የነገው በሬ ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን ቅሬታ ሳያቃልል ማዳመጥ ይኖርበታል። ሆኖም በጥድፊያ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያበዛዋል። በጥንብ ላይ የተነሰነሰ መርዝ አጥቂውን አውሬ ለይቶ አያውቅም። የራሱን የገበሬውን ውሻ ይገድላል፤ ጥንብ አንሣዎችንም በመንጋ ይፈጃል። ጥንብ አንሣ ያለ ደመወዝ አካባቢን የሚያጸዳ ነው። እርሱ በሌለበት ጥንቡ ይሰነብታል፤ ውሻና ጅብም ይሰበሰቡበታል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ አውሬ የሚገባው በላላ አጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት በረት ነው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ተግባራት

1. የበረቱ አጥር ከፍ ብሎ፣ በወፍራም እሾህ ወይም በድንጋይ ተጠናክሮ ይታጠር። በሩም ከአጥሩ ሳያንስ ይጥበቅ። ጥጃ፣ ግልገልና የታመመ ከብት ሌሊት ውጭ አይደር።

2. ከብት ወደ ግጦሽ ሲወጣ ልጅ ብቻውን አይላክ። ማኅበራት እረኝነቱን በተራ ቢያደርጉት ድካሙም አደጋውም ይቀንሳል።

3. የሞተ ከብት ከመንደር ርቆ ይጣል፤ በላዩም መርዝ ፈጽሞ አይደረግ። በአባ ሰንጋ እንደሞተ ከተጠረጠረ ግን ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

4. የውሾች ክትባት በማኅበሩ የዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ። በውሻም ሆነ በአውሬ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

5. በሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ የሚዳቋ ወይም የድኩላ ግልገል ሲገኝ አይነሣ። እናቱ ደብቃው ለግጦሽ ሄዳ እንጂ ጥላው አይደለምና፣ ሰው ሲርቅ ተመልሳ ታጠባዋለች።

6. በእርግጥ የቆሰለ ወይም እናቱ የሞተችበት እንስሳ ሲገኝ ሕዝቡ ይራቅ፣ ውሾች ይታሰሩ። ወተት ለማጠጣት አይሞከር። ቦታው፣ ሰዓቱና የእንስሳው ሁኔታ ተመዝግቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በዚያም በኩል ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን በፍጥነት ይነገር።

7. ግልገል ለመግዛት የሚጠይቅ ሰው ወደ መንደር ሲመጣ ለፖሊስ ይጠቆም። ግልገሉን «ለማዳን» ብሎ መግዛትም አይገባም። የተከፈለው ገንዘብ ሻጩን ለሌላ ግልገል መልሶ ይልከዋልና።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ

በእንስሳ ኮቴ ተማሪዎች መጥተው እንስሳቱን ሲያዩ የሚነገራቸው ስለ ጥርሱና ስለ ጥፍሩ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንስሳ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ጭምር ነው። ታሪኩ ከቁጥር ይልቅ በልብ ይቀራል። የልማት ሠራተኛውም ይህንኑ ዘዴ ሊከተል ይችላል። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ሕግ ከመናገሩ በፊት ከብት የተበላበት ሰው የደረሰበትን ይንገር። ከዚያ አጥሩ የት እንደ ላላ በጋራ ይታይ፤ የተስማሙበትም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የከብቱ ጉዳት መዝገብም ይኑር። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው በረት ጥቃት እንደሚበዛ ከታወቀ ጥበቃውን በዚያው ላይ ማጠናከር ይቻላል።

ማጠቃለያ

እንስሳ ኮቴ የሚቀበላቸው እንስሳት ቁጥር ውሱን ነው፤ 77 ሄክታር ለተበደሉት ሁሉ አይበቃም። የማዕከሉ ሥራ ከባድ የሚሆነው መንደሮች ሲዘናጉ ነው፤ የሚቀለውም መንደሮች ሲነቁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአጥር፣ በክትባትና በጥቆማ ካበሩ ደግሞ፣ አንበሳው ከመጀመሪያውም ሳይታሰር፣ ጥጃውም ሳይበላ በየቦታቸው ሊያድሩ ይችላሉ።