ያገለገለ የናፍጣ የቤት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ለነጋዴ ቤተ ሰብ መኪና የድሎት ዕቃ ብቻ አይደለም። ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት ያደረሰው መኪና ረፋዱ ላይ ባለቤቱን ወደ ባንክና ወደ ጉምሩክ ያመላልሳል፤ ቅዳሜም ከመጋዘን ወደ ሱቅ ሸቀጥ ያጓጉዛል። ከዚህም የተነሣ በመኪና ግዢ ላይ የሚደርስ ስሕተት የቤቱን ኑሮ ብቻ ሳይሆን የንግዱን መንቀሳቀሻ ገንዘብ ጭምር ይነካል። ዕቃ ሊገዛበት የተቀመጠው ገንዘብ ለጋራዥ የተከፈለ እንደሆነ መደርደሪያው በዚያው ወር ባዶውን ይቀራል።

ይህ ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ከአዲሶቹ የበለጠ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በየክልሉ ከተሞች ለሽያጭ የሚቀርበው የናፍጣ መኪና ባመዛኙ አስቀድሞ የገባውና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ነው። ዕድሜው እየገፋ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን ሁልጊዜ ከዕድሜው ጋር አይወርድም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመኪናው ቀለምና ለወንበሩ ምቾት ሳይሆን በሞተሩ ውስጥ ለቀረው ዕድሜ መሆኑን መዘንጋት አይገባውም። ይህንንም የቀረ ዕድሜ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መርምሮ ማወቅ ይቻላል።

ናፍጣ የሚጠቅመው ለማን ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ገዢው የናፍጣ መኪና በእውነት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ማስላት አለበት። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ ከዐሥር እጅ አንድ በሚበልጥ መጠን ተጨማሪ ኀይል ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተርም ነዳጁን በቁጠባ ያቃጥላል። ለምሳሌ አንድ የናፍጣ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ አቻው የሆነው የቤንዚን መኪና ግን 10 ሊትር ተኩል ይፈጃል ተብሎ ቢታሰብ፣ በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጋዴ 600 ሊትር ያተርፋል። በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄደው ግን ትርፉ 150 ሊትር ነው። የናፍጣ መኪና ፖምፓና ኢንጀክተር ሲበላሽ የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ስለሆነ፣ የዚህ የኋለኛው ሰው የበርካታ ዓመታት ቁጠባ በአንድ ጥገና ሊጠፋ ይችላል።

ከዚህም በላይ ከቤት ወደ ሱቅ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚመላለስ የናፍጣ መኪና ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ በውስጡም ጥላሸት ይከማቻል። ከከተማ ለማይወጣ ቤተ ሰብ የናፍጣ መኪና መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ባሕር ዳር ዘወትር ለሚጓዝና ጭነት ለሚያበዛ ሰው ናፍጣ ዋጋውን ይከፍላል።

የሞተሩ ጠባይ

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ. ኤ. አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሞክሮ ያሳካው ሞተር፣ ከቤንዚን ሞተር የሚለየው የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። ፒስቶኑ አየሩን ከ16 እስከ 23 እጥፍ ያህል አምቆ ሲጨምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሞተሩ ከባድ ግፊት እንዲችል ሆኖ በጠንካራ ብረት ስለሚሠራ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ሁለተኛ፣ ሕይወቱ በእምቅታው ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ፋሻውና ሲሊንደሩ ሲያልቁ፣ አየሩም ሲያመልጥ፣ ነዳጁ በሚገባ መቀጣጠል ያቅተዋል። የናፍጣ ሞተር ምርመራ ሁሉ በመጨረሻው «እምቅታው ደኅና ነውን? ነዳጁስ በልክ ይረጫልን?» ወደሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይመለሳል።

የደጋው አየርም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ኀይሉ ይቀንሳል፤ ፖምፓውም ለቆላ አገር እንደ ተስተካከለ ከቀረ ለሳሳው አየር የሚበዛ ነዳጅ እየረጨ ጥቁር ጢስ ያወጣል።

ሁለቱ ዓይነቶች

በገበያው ላይ የሚገኙት የናፍጣ መኪናዎች በሁለት ይከፈላሉ። የቀድሞዎቹ ነዳጁን በሜካኒካዊ ፖምፓ የሚረጩ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ እ. ኤ. አ. በ1990 የወጣውና በቶዮታ ላንድ ክሩዘር ላይ የሚታየው «1 ኤች ዜድ» የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። እንዲህ ያሉት ሞተሮች ድምፃቸው ይበዛል፤ ፍጥነታቸውም የረጋ ነው። ነገር ግን በጠረፍ ከተማ ያለ መካኒክ እንኳ ሊያውቃቸውና ሊጠግናቸው ይችላል።

ሁለተኞቹ እ. ኤ. አ. ከ1997 ወዲህ በቤት መኪናዎች ላይ የተስፋፋው «ኮመን ሬል» የተባለው አሠራር ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ነዳጁ ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒዩተር እየታዘዘ ይረጫል። ሞተሩ ጸጥ ያለ፣ ኀይለኛና ቆጣቢ ይሆናል። ይሁን እንጂ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውኃ ወይም ደቃቅ ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። ጥገናውም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል።

ከአውሮፓ የመጡት ከእነዚህም አዲሶቹ በጢስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ወንፊት አላቸው። ይህ ወንፊት የሰልፈር መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣና ረዘም ያለ ጉዞ ይሻል፤ አለዚያ ይደፈናል። አንዳንድ ሻጮች የተደፈነውን ወንፊት አስወጥተው ባዶውን ማርሚታ ይመልሳሉ። ስለዚህ ወንፊቱ በቦታው መኖሩን መጠየቅና መመርመር ያስፈልጋል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በመኖሪያው ቦታና በጋራዡ ይወሰናል። ከዋናው ከተማ ርቆ የሚኖር ነጋዴ የመጀመሪያውን ዓይነት ቢመርጥ አይጸጸትም። በከተማ የሚኖርና ጥሩ መሣሪያ ያለው ጋራዥ የሚያውቅ ሰው፣ የጥገናው ታሪክ በማስረጃ የተያዘለትን ሁለተኛውን ዓይነት ሊገዛ ይችላል።

ምርመራው

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነገር ነውና። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ፣ የመሪው ቆዳ ልሞ፣ የሾፌሩ ወንበር ሰርጉዶ ሳለ ቆጣሪው 80,000 ቢል ማመን አይገባም። ደግሞም ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ1976 የተሠራ አንድ መርሴዲስ 240 ዲ ታክሲ በግሪክ አገር 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም ተሰጥቷል። ለዚህ ያበቃው ተአምር አልነበረም፤ ባለቤቱ ሞተሩን በየጊዜው እያወጣ በታደሰ ሌላ ሞተር ይተካው ነበር። ስለዚህ ከቆጣሪው ይልቅ የዘይትና የፊልትሮ ለውጥ የተጻፈበት መዝገብና የጋራዥ ደረሰኝ የበለጠ ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ የማለዳው ነው። ገዢው ከሻጩ ጋር ተቀጣጥሮ በጠዋት መሄድና ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ በእጁ መዳሰስ አለበት። ሞቆ ከተገኘ ቀደም ብሎ ተነሥቷል ማለት ስለሆነ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ደኅና የናፍጣ ሞተር የማሞቂያው መብራት ከጠፋ በኋላ በአጭር ጊዜ ይነሣል። ሞተሪኖው ብዙ ከደከመ ወይም ሞተሩ ተነሥቶ ከተንገዳገደ፣ ችግሩ ከማሞቂያው፣ ከባትሪው፣ ከኢንጀክተሩ ወይም ከእምቅታው ማነስ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱ ሳይታወቅ ዋጋ መነጋገር አይገባም።

ቀጥሎ ጢሱ ይታያል። በማለዳ ብርድ ለጥቂት ጊዜ የሚወጣ ነጭ ጢስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ሲሞቅ ከጠፋ አያሰጋም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ጢስ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ሊያመለክት ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያስረዳል፤ መነሻውም ያለቀ ፋሻ ወይም የደከመ ቱርቦ ነው። ጥቁር ጢስ የአየርና የነዳጅ አለመመጣጠን ነው፤ ከቆሸሸ የአየር ፊልትሮ የመጣ ከሆነ ወጪው ቀላል፣ ከኢንጀክተር ወይም ከፖምፓ የመጣ ከሆነ ግን ከባድ ይሆናል።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ፈታ ተደርጎ በቦታው ላይ ይቀመጣል። ጥቂት ትንፋሽ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ክዳኑ ከተወረወረ ወይም ጢሱ ከተንቦለቦለ ግን እምቅታው ወደ ታች እያመለጠ ስለሆነ ሞተሩ ወርዶ እንዲታደስ ግድ ይሆናል። ከክዳኑ ሥር ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም። ራዲያተሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍቶ በውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፉ ይታያል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠም ይጠየቃል፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ቺንጋ የተበጠሰ እንደሆነ ፒስቶኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫልና። የተለወጠበት ማስረጃ ከሌለ የመለወጫው ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ከዚያም መኪናው ሰው ተጭኖበት ዐቀበት ይሞከራል። በአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለዚህ የሚስማማ ነው። በዐቀበቱ የሙቀት ማሳያው ከመደበኛው ከዘለለ፣ ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ወይም ማርሽ አልገባ ካለ ጉድለቱ በግልጥ ይታያል። በቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑ ይፈተናል።

በመጨረሻው ገዢው ራሱ በመረጠውና በከፈለው መካኒክ ዘንድ የየሲሊንደሩ እምቅታ እንዲለካ ማድረግ አለበት። ኮመን ሬል ከሆነ የኢንጀክተሮቹ ተመላሽ ነዳጅ ይለካል፤ የኮምፒዩተሩም መዝገብ ይነበባል። በሻጩ ወይም በደላላው የተጠራ መካኒክ ምስክርነት የሌላ ወገን ምስክርነት ነው።

ሰነድና ውል

በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሞተሩ ተለውጦ ከሆነ ለውጡ የተመዘገበበት ማስረጃ ይጠየቃል። መኪናው የባንክ ዕዳ መያዣ አለመሆኑ፣ በፍርድ ቤት አለመታገዱ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባም እንደሆነ ቀረጡ መከፈሉ ይጣራል። ያልተከፈለ ቀረጥ ሳይታወቅ ሲቀር ስም ማዛወር የሚያስቸግረው ገዢውን ነው።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ሲደነግግ፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በምርመራው የተገኘው ሁሉ በጽሑፍ ቢሰፍርና ሻጩ ስለ ሞተሩ የሰጠው ቃል በውሉ ውስጥ ቢገባ ኋላ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

የመለዋወጫውም ነገር ከግዢው በፊት ይታሰብ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የዚያን ሞተር ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮና ኢንጀክተር መገኘታቸውንና ዋጋቸውን መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ከዚህ የሚማሩት አለ። እነዚህ መኪናዎች በአዲስ ካልተተኩ ዕድሜያቸው የሚረዝመው በመለዋወጫ ነው፤ አስመስሎ የተሠራ የናፍጣ ፊልትሮ የሚያስመጣ ሰው የደንበኛውን ሞተር ብቻ ሳይሆን የራሱንም ስም ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ሁለት ወይም ሦስት ቀንና ጥቂት የመካኒክ ክፍያ ይጠይቃል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ የሚያጣድፈው ሰው ይህ የቀን ጉዳይ ብዙ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን አበው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ወደ መጋዘኑ የሚገባውን ጆንያ ሳይመዝን የማይረከብ ነጋዴ፣ ከብዙ ጆንያ ዋጋ የሚበልጠውንም መኪና ማለዳ ተነሥቶ በቀዝቃዛው ሞተር ይመዝነው።