ያውቁ ኖሯል? ሐዲዱ የተነቀለለት የብስክሌት መንገድ

በፈረንሳይ ገጠር ለብስክሌተኛ ከሚመቹ ጸጥተኛ መንገዶች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለባቡር ነበር። በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የሚዘልቀው 44 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሐዲዱ ተነቅሎ በ1997 እ.ኤ.አ. ለብስክሌት ተከፈተ፤ «ቩዋ ቬርት» ከሚባሉት የአገሪቱ አረንጓዴ መንገዶችም ቀዳሚው ነው። መኪናና ሞተር ብስክሌት አይገቡበትም። እግረኛው፣ ብስክሌተኛውና ፈረሰኛው ይጋሩታል።

ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው ነበር ሐዲዱን የዘረጉት። ዛሬ የዚያ ሁሉ ልፋት ተጠቃሚ ጉልበቱ ያልጠነከረው ብስክሌተኛ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ ማግኘት ይከብዳል።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ሲያቀኑ ደግሞ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቧ ክሌር ዋሻ ይገኛል። በሞቃቱ ወራት ውስጡ መብራት አለው፣ ቅዝቃዜውም ደስ ይላል። ብርዱ ሲገባ ግን ዋሻው ይዘጋል። ምክንያቱ የጥገና ሥራ እንዳይመስልዎት፤ የሌሊት ወፎች ክረምቱን በእንቅልፍ የሚያሳልፉት እዚያ ስለሆነ ነው። ብስክሌተኛው እስከ ጸደይ ድረስ ኮረብታውን በላዩ ይወጣል፤ አቤቱታ ካለው ለሌሊት ወፎቹ ያቅርብ!