ስውር የአርማታ ብልሽትና ስያሜዎቹ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ላይ የሚደርሰውን፣ ለዓይን የማይታየውን የአርማታ ብልሽት የሚመለከቱ ጥቂት ፅንሰ ሐሳቦችን ማስረዳትና ለየአንዳንዳቸው የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ ማመልከት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። በኒው ዮርክ ከተማ ከኢስት ወንዝ ሥር የሚያልፈው የካናርሲ ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሳንዲ ማዕበል ዋሻውን በጨው ውሃ አጥለቀለቀው። ውሃው ተመጦ ባቡሮች እንደገና ቢሠሩም፣ በዋሻው ግራና ቀኝ እንደ ቤት መደብ ተዘርግቶ የኤሌክትሪክ ገመዶችን በውስጡ የያዘው አርማታ ተጎድቶ ነበር። መስመሩን ለ15 ወራት ዘግቶ መደቡን አፍርሶ ለመሥራት ታቀደ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ግን ዕቅዱ ተለወጠ፤ ገመዶቹ ከመደቡ ውጭ እንዲሰቀሉ፣ ከመደቡም የተበላሸው ክፍል ብቻ እንዲነሣ ወይም እንዲጠናከር ተወሰነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ተፈጸመ። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚጸናው ደኅናውን አርማታ ከተበላሸው መለየት ሲቻል ነው።

ብልሽቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በአርማታ ውስጥ የተቀበረውን ብረት፣ በግንበኞች አነጋገር ፌሮውን፣ የአርማታው አልካሊነት ከዝገት ይጠብቀዋል። ጨው ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰርጎ ሲደርስበት ይህ ጥበቃ ይፈርሳል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ይገፋዋል፤ በፌሮው ጥልቀት ላይም ከግድግዳው ገጽ ጋር ትይዩ የሆነ መለያየት ይፈጠራል። ገጹ ግን ደኅና መስሎ ይቆያል። በመጨረሻ ቁራጩ ይወድቃል፤ ከሥሩም ባቡር ወይም ሠራተኛ ሊኖር ይችላል።

ይህን ሁሉ በደፈናው «መሰንጠቅ» ማለት ይቀናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። «ስንጥቅ ፈልግ» የሚል መመሪያ የደረሰው መርማሪ በዓይኑ ይፈልጋል፤ ባያገኝም «ስንጥቅ አልታየም» ብሎ ይጽፋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው።

ስውሩን ብልሽት ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ገበያ የወጣች ሴት እንስራ ከመግዛቷ በፊት በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጣለች፤ ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የነቃው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የዋሻ መርማሪም አርማታውን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ከሥሩ የተለያየ ስስ ክፍል እንደ ከበሮ ቆዳ ስለሚርገበገብ ድምፁ ባዶ ነገር የተመታ ያህል ይሆናል። ይህንኑ በመሣሪያ የሚያደርገው ዘዴ «የምት ማሚቶ» ሊባል ይችላል። ሞገዱ በአርማታ ውስጥ በሴኮንድ 4,000 ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደኅና ግድግዳ ውስጥ በሴኮንድ 5,000 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መለያየት ካጋጠመው ግን ምልልሱ ወደ 10,000 ያድጋል። ሬዳር ፌሮንና ርጥበትን በሚገባ ያሳያል፤ ስስና ደረቅ መለያየትን ግን ሊያልፈው ይችላል።

ለስያሜው የሸክላው «ነቃ» ቀዳሚ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ «ንቃት» ከእንቅልፍ መንቃትንና የአእምሮ ንቃትን ስለሚያመለክት ለሙያ ቃልነት አይመችም። «መላጥ»ም ለዓይን የተገለጠ ነገርን ስለሚያስታውስ ስውሩን አይገልጽም። ስለዚህ የሚከተለው አከፋፈል ይቀርባል።

ስንጥቅ፦ ገጽ ላይ የሚታይ የመስመር ክፍተት።

መነጠል፦ ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ከውጭ የማይታይ የአርማታ መለያየት። ድርቡ ኩታ ስፌቱ ሲፈታ ነጠላ ከነጠላ እንደሚለይ ነው።

ውስጣዊ ባዶ፦ በአርማታው ውስጥ ወይም ከጀርባው ያለ፣ ያልተሞላ ቦታ።

መሸረፍ፦ የገጹ ክፍል ተገንጥሎ መውደቅ፤ የወደቀውም ቁራጭ ሽራፊ ይባላል። የስኒ ከንፈር ሲጎድል ተሸረፈ እንደሚባለው ነው።

«መነጠል» ለሰዎች መለያየትም ያገለግላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዐውዱ ራሱ ይለየዋል፤ ካስፈለገም «የአርማታ መነጠል» ማለት ይበቃል። ተርጓሚውም «ስንጥቅ» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ መርማሪው ብልሽቱን ያወቀው በዓይኑ ነው ወይስ በጆሮው ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛውን ቃል ለመምረጥ ይረዳዋል።