ከፖቶማክ ወንዝ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ በወዳጅ ደጅ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለትምህርት፣ ሌላውም ለስእለትና ለሱባኤ ይነሣል፤ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ሳይኖር የሚወዱትን ሰው ዓይን ለማየት ብቻ የሚደረገው ጉዞ ከሁሉም ያላነሰ ጥንታዊነትና ክብር አለው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈልን እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት ከሰማች በኋላ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ወጥታ ዘመዷን ኤልሳቤጥን ጎበኘች፤ በቤቷም ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ሐዋርያው ጳውሎስም ሁለተኛውን ታላቅ ጉዞውን ለመጀመር ያነሣሣው አሳብ፣ ቀድሞ ባስተማረባቸው ከተሞች የሚኖሩት ወንድሞች እንዴት እንዳሉ ተመልሶ ለማየት ነበር፤ በመልእክቶቹም መጨረሻ የአንዱን አገር ምእመናን ሰላምታ ለሌላው አገር ምእመናን ማድረስን አልዘነጋም።

እንዲህ ያለው ጉዞ ዛሬ በይበልጥ የሚያስፈልገው በሰሜን አሜሪካ ተበታትኖ ለሚኖረው ወገናችን ይመስለኛል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች አንዱ በሱዳን፣ አንዱ በጅቡቲ፣ ሌላውም በኬንያ በኩል ተሰድደው ሲጠባበቁ፣ አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞችን ሕግ ስላወጣች፣ እያንዳንዱ ተቀባዩ ድርጅት ወደ መደበው ከተማ ገባ፤ ኋላም ዲቪ የደረሰው ሌላ ትውልድ ተከተለ። አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ቺካጎ፣ አንዱ ዴንቨር፣ ሌላው ኦክላንድ ወይም ሎስ አንጀለስ የሆነው በምርጫ ሳይሆን በአብዛኛው በምደባና በአጋጣሚ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች እንዲህ ሆነው በአንድ አህጉር ስፋት ላይ ተዘሩ፤ ጎጆም ቀለሱ፤ ልጅም አሳደጉ፤ ሽበትም አወጡ።

በመካከላቸው ያለውን ርቀት አውሮፕላን በስድስት ሰዓት ገደማ ስለሚያልፈው፣ ጨርሶ አይገናኙም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የሚገናኙት ወይ በሠርግ ወይ በለቅሶ ነው፤ በሠርጉ አዳራሽ የሙዚቃው ድምፅ ጆሮ አያሰማም፤ በለቅሶውም ቤት የሞተውን አንሥቶ ከማልቀስ በቀር ስለ ሕያዋኑ ኑሮ ለመጠየቅ አፍ አይደፍርም፤ በማግስቱም ሁሉም ወደ ሥራው ይበርራል። ስለዚህ ወዳጅን ለማየት ብቻ የሚነሣ ሰው ቢቻለው በባቡር ይሂድ እላለሁ፤ ምክንያቱንም ከመንገዱ ጋር አብሬ አስረዳለሁ።

አምትራክ የተባለው የአገሪቱ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ ከሚሸጣቸው ትኬቶች አንዱ በ30 ቀን ውስጥ 10 ጊዜ ለመሳፈር ያስችላል፤ ተሳፍሮ መውረድ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ መኝታ ሳይሆን ወንበር ብቻ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱም ባቡር አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ በቺካጎ፣ በዴንቨርና በኦክላንድ አጠገብ እየወረዱ ሎስ አንጀለስ ለመድረስ አራቱ ጉዞዎች ስለሚበቁ፣ የቀሩት ስድስቱ ለመመለሻና ከመንገዱ ወጣ ብሎ የሚኖረውን ባልንጀራ ለመጠየቅ ይውላሉ። በዚህ መሥመር የሚያልፈው ባቡር በየአቅጣጫው በቀን አንድ ነውና፣ የወረደ ሰው ቢያንስ እስከ ማግስቱ ማደሩ የግድ ነው፤ ለጠያቂም ለተጠያቂም መልካም የሆነው ይህ ነው፤ «ቶሎ ልሂድ» ማለት አይቻልምና። ደግሞም ሐዲዱ በአብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ንብረት በመሆኑ፣ ሕጉ ምንም እንኳ ለመንገደኛው ባቡር ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ረጅሙን የጭነት ባቡር ቆሞ ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ስለዚህ አስተናጋጁ ወዳጅ በሰዓቱ ወጥ ሠርቶ እንዳይጉላላ ባቡሩ የት እንደ ደረሰ እየደወሉ መንገር ከመንገደኛው ይጠበቃል።

ከዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ባቡር የፖቶማክን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ የሸናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ በሚገናኝበት በሃርፐርስ ፌሪም ያልፋል፤ ይህች ጆን ብራውን በ1859 ዓ.ም. ባሪያዎችን ነጻ ለማውጣት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ትንሽ ከተማ ናት። ሌሊቱ በፔንሲልቫኒያና በኦሃዮ ያልቅና በማግስቱ ቺካጎ ይደረሳል። የቺካጎው ጣቢያ በ1925 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በታላቁ አዳራሽ የመስተዋት ጣሪያ ሥር ባሉት ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች ላይ ተቀምጦ ወዳጅን መጠበቅ ለብቻው ደስ ያሰኛል። ወገኖቻችን በዚያች ከተማ ማኅበራቸውን በ1984 ዓ.ም. መሥርተዋል፤ በሰሜን በኩል በሚገኘው ኤጅዎተር በተባለው ሰፈርም እንጀራና ቡና ይገኛል። እኔ በዚህ መንገድ ስጓዝ የጠየቅሁት የቺካጎው ባልንጀራዬ ከጥንትም ዝምተኛ ነው፤ እኔን በማየቱ ከመደሰቱ በቀር ብዙ አልተናገረም፤ ስለየም ለዴንቨሩ ወዳጃችን ሰላምታና በቤቱ የተዘጋጀ በርበሬ አደራ ሰጠኝ።

ካሊፎርኒያ ዘፈር የተባለው ባቡር ከቺካጎ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ተነሥቶ፣ ከ3,900 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ከሁለት ሌሊት በኋላ ይፈጽማል። ማታ ሚሲሲፒን በበርሊንግተን ይሻገራል፤ ከዚያም የአዮዋና የኔብራስካ የበቆሎ እርሻ ወሰን የሌለው ይመስላል። በዚህ ሜዳ ላይ ለማየት የሚያጓጓ ነገር አለ አልልም፤ ነገር ግን ካንዱ ወዳጅ ቤት የወጣ ሰው የሰማውን በልቡናው አሳድሮ ወደሚቀጥለው ቤት እስኪገባ ድረስ ጸጥ ያለ ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ይህን ጊዜ አውሮፕላን አይሰጥም፤ ሜዳው ይሰጣል። ለመንገዱ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝ ይበጃል፤ ይልቁንም በጾም ወራት የባቡሩ ማዕድ ለጿሚ ብዙ የሚመረጥ ነገር አይኖረውም።

ማለዳ ዴንቨር ይደረሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በስተ ምዕራብም በረዶ የለበሱ ተራሮች ተደርድረውላት ስለምትታይ፣ ደገኛ ሆኖ ላደገ ሰው አየሯ ወዲያው ይስማማዋል። በእርሷና በጎረቤቷ በኦሮራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። የዴንቨሩ ወዳጄ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው፤ ልጆቹም ጋሼ እያሉ እጄን ስመው ከተቀበሉኝ በኋላ፣ ባለቤቱ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አፍልታ ሳትጨርስ፣ እናቴን አነሣት። እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እኔ በምኖርበት ከተማ በሕይወት ሳለች ያወቃት አንድ ሰው የለም፤ ልጆቼም የሚያውቋት በፎቶግራፍ ነው። እሱ ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፍ ላይ እንዴት እንደምትጠብቀን፣ ጠግቤአለሁ ሲላት «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» እያለች ሦስተኛዋን ጉርሻ እንዴት እንደምታጎርሰው፣ ድምፅዋን እንኳ ሳይቀር አስመስሎ ነገረኝ። እኔ ያችን የ«በሞቴ» ድምፅ ረስቻት ነበር።

የጥንት ወዳጅ ለስደተኛ ምን እንደ ሆነ በዚያ ቀን ከተማርሁት የበለጠ የማውቀው የለኝም። በአገሩ የሚኖር ሰው የልጅነቱ ምስክሮች በዙሪያው ናቸው፤ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ የተማረበት ቤት፣ የወላጆቹም መቃብር ሳይቀር ማን እንደ ነበረ ይመሰክሩለታል። ስደተኛው ግን ወደ አዲሱ አገር ሲገባ ያለ ምስክር ይገባል፤ የቀድሞ ሕይወቱ እውነት ስለ መሆኑ ሊናገርለት የሚችል ሰው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ይገኛል፤ እያንዳንዱም ወዳጅ ሌላው የማያውቀውን ክፍል ይዟል። የዴንቨሩ እናቴን ያውቃል፤ የኦክላንዱ የስደቱን ዘመን ያውቃል፤ የሎስ አንጀለሱ ደግሞ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰናበተኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በሞት ሲለይ የያዘው ክፍል አብሮት ይቀበራል፤ ስለዚህ ጥየቃውን ከዓመት ወደ ዓመት ማሸጋገር እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያስፈራኛልም።

ከዴንቨር በኋላ ያለው መንገድ የአህጉሩ ውበት ሁሉ የተከማቸበት ነው። ባቡሩ ተራራውን እየዞረ ይወጣና በ1928 ዓ.ም. የተከፈተውን፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሞፋትን ዋሻ ይገባል፤ በዚያ ተራራ ጀርባ ላይ የሚወርደው ዝናብ በፈቃደ እግዚአብሔር ለሁለት ይከፈላል፤ የምሥራቁ በሚሲሲፒ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ የምዕራቡም በኮሎራዶ ወንዝ በኩል ወደ ሌላኛው ባሕር ያቀናል። ከዋሻው ከወጡ በኋላ ሐዲዱ የኮሎራዶን ወንዝ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከተለዋል፤ ገደሉ አንዳንድ ጊዜ እየጠበበ ሰማዩን ያጠብበዋል፤ ቋጥኙም ከግራጫ ወደ ቀይ ይለወጣል።

በዩታ ከሚያልፈው ከዚህ መሥመር በስተ ሰሜን፣ ፕሮሞንቶሪ በተባለው ቦታ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሁለቱ ሐዲዶች በግንቦት ወር 1869 ዓ.ም. ተገጣጥመዋል። ከዚያ አስቀድሞ አህጉሩን በሠረገላ ለማቋረጥ ወራት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ሳምንት ገደማ የሚያልቅ ሆነ። የምዕራቡን ሐዲድ በሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ድንጋዩን እየፈለጡ የዘረጉት በአብዛኛው ከቻይና የመጡ፣ ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ የማያንስ ሠራተኞች ነበሩ፤ እነሱም ከወዳጅ ዘመድ የተለዩ ስደተኞች ነበሩና በዚያ ተራራ ላይ ሲታለፍ እነሱን ማሰብ ይገባል። በዚያው ተራራ ላይ በ1846 ዓ.ም. ክረምት በሠረገላ ይጓዙ የነበሩ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች በበረዶ ተከብበው ግማሽ የሚጠጉት አልቀዋል፤ ማለፊያውም እስከ ዛሬ ዶነር በተባለው ቤተሰብ ስም ይጠራል።

ከተራራው ወርደው በኤመሪቪል ሲደርሱ ኦክላንድ ጎረቤት ናት፤ በቴሌግራፍ ጎዳና የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። የኦክላንዱን ወዳጄን ግን ያገኘሁት በምግብ ቤት ሳይሆን ሕመም ይዞት በመኖሪያ ቤቱ ነበር፤ የቺካጎውንና የዴንቨሩን ሰላምታ አደረስሁለት፤ እያንዳንዳቸው ምን እንደ ለበሱ፣ ማን እንደ ሸበተ፣ የማን ልጅ ምን እንደሚማር ደጋግሞ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ በየቤቱ ያደረ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወርደው ባቡር ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ፣ ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በኋላ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ይወጣል፤ ማዕበሉ ከሐዲዱ ሥር እስኪመስል ድረስ ይቀርባል። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን አንድ ክፍል ከተማይቱ በ2002 ዓ.ም. ትንሿ ኢትዮጵያ ብላ ሰይማዋለች፤ የመጨረሻውም ወዳጄ በዚያ ቡና ጋብዞኛል።

ይህን ጉዞ ለማድረግ ለሚያስብ ሰው ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምታቸው በሴራ ኔቫዳ ላይ በረዶው እየከበደ ባቡሩን ያዘገየዋል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ አስተናጋጆቹ እንግዳቸውን እንደ ልባቸው ለመጋበዝ ስለማይችሉ ይቸገራሉ። ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበትን በዓለ ሃምሳን መምረጥ ከሁሉ ይሻላል፤ የተራራው በረዶ ቀልጦ ኮሎራዶ ሞልቶ የሚወርደውም በዚያን ጊዜ ነው። ትኬቱን ከመግዛት በፊት ግን ለወዳጆቹ ሁሉ ደውሎ ማን የት እንዳለ፣ ማን ሥራ እንዳለውና ማን እንደ ታመመ መጠየቅ፣ የታመመውንም ቀን አስቀድሞ መያዝ ይገባል።