አዋሽ፦ ገበያው ከጣቢያው ወደ አስፋልቱ ተሻገረ

አዋሽ ሰባት ኪሎን የንግድ ከተማ ያደረጋት የባቡር አዳር ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጅቡቲ - አዲስ አበባ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ዋና ከተማው ሲደርስ፣ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ያደረ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አልጋ ይከራያል። በጣቢያው አጠገብ የተሠራው ቡፌ ዳዋሽ ሆቴል ገበያው ይኸው ነበር።

ጣቢያውን መጀመሪያ የጎዳው ፍጥነት ነው፤ ጉዞው ሲያጥር አዳሩ ቀረ። ቀጥሎ ጭነቱን ከባድ መኪና ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጭራሹን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም አሮጌውን ጣቢያ አላዳነውም። አዲሱ ሐዲድ 1.435 ሜትር፣ አሮጌው 1 ሜትር ስፋት አላቸውና አይገጥሙም፤ ለአዋሽ ሌላ ጣቢያ ተሠርቷል።

ከተማዋ ግን አልከሰረችም። የድሬዳዋውና በሚሌ በኩል ጅቡቲ የሚያደርሰው አስፋልት የሚለያዩት እዚያው ስለሆነ ሾፌሩ ጎራ ይላል። ደንበኛው ተለወጠ እንጂ ገበያው ያው ምግብ፣ መጠጥና አልጋ ነው። ከሒሳቡ የወጣው ጣቢያው ብቻ ነው።